የሽቱትጋርቱ ጫማ፤ በትርምስ መካከል የተገኘ የመጀመሪያ ድል

በእግር ሩጫም ሆነ በመኪና እሽቅድምድም ትርምስ በተነሣ ቁጥር ተመልካች በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ወገን «መስመሩን የቀደመ ቀደመ፤ ምን ክርክር አለው?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ያ ነገር ባይደርስ ኖሮስ ማን ያሸንፍ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ክርክሩ በተለይ የሚጋለው አሸናፊው ገና ስሙ ያልታወቀ ወጣት፣ ድሉም የመጀመሪያው ሲሆን ነው። ስሙ የገነነ ሰው በትርምስ መካከል ቢያሸንፍ ቀድሞውንም ያሸንፍ ነበር ተብሎ ይታለፋል። ወጣቱ ግን የሚመሰክርለት የቀድሞ ሥራ ስለሌለው «ዕድል ነው» የምትለው ቃል ወዲያው ትለጠፍበታለች።

ለዚህ ነገር ከአገራችን ታሪክ የተሻለ ምሳሌ የሚገኝ አይመስለኝም። ዛሬ ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ብለን የምንጠራው ሰው በ20 ዓመት ዕድሜው የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ያገኘው ነሐሴ 16 ቀን 1985 ዓ.ም. (በፈረንጆች ኦገስት 22 ቀን 1993) በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ከተማ ነው። ውድድሩ የ10,000 ሜትር ሩጫ ነበር። የመጨረሻው ዙር ደወል በሚደወልበት ጊዜ የኃይሌ እግር ከፊቱ ይሮጥ የነበረውን የኬንያውን የሞሰስ ታኑይን ተረከዝ ረገጠ፤ የታኑይም ጫማ ወለቀ። ታኑይ በአንድ እግር ጫማ ሮጦ በግማሽ ሴኮንድ ተቀደመ። ከአንባቢዎቻችን አብዛኛው በዚያ ቀን ገና አልተወለደም፤ ቢሆንም ክርክሩ ዛሬም ስላልሞተ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይጠቅማል። ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የተረከዝ መረገጥ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ሽቱትጋርት ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በማለዳ በ12 ሰዓት እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ የወረደ ሰው፣ በሜዳው ላይ አሥርም አሥራ አምስትም ሆነው እንደ ጉንዳን በአንድ መስመር ተከታትለው የሚሮጡ ወጣቶችን ያያል። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ስለሆነች ሳንባ የሚፈተንባት ቦታ ናት። አበበ ቢቂላም በክብር ዘበኛ ወታደርነቱ ጊዜ ከሱሉልታ ኮረብታ እስከ አዲስ አበባ እየሮጠ ይመላለስ ነበር ይባላል። በሌላ ቀን ደግሞ ሯጮቹ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ ይወርዳሉ። ሰበታ ከሱሉልታ ዝቅ ስለምትል አየሯ ጥቂት ይራራል፤ ስለዚህም ረጅሙና ፈጣኑ የአስፋልት ልምምድ የሚደረገው እዚያ ነው። በአምቦ መንገድ በቡራዩ በኩልም ጠዋት ጠዋት ሯጭ አይጠፋም። እነዚህ ሦስት ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል፤ ለሯጩ ግን ስማቸው የሚነግረው የከተማ አስተዳደር ሳይሆን የመሬት ዓይነት ነው። አንዱ ሜዳ፣ አንዱ አስፋልት፣ አንዱ ኮረኮንች ነው። (በአስፋልቱ ላይ ከጭነት መኪና ጋር የሚደረገው ግፊያ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚያስፈልገው እዚህ አልነካውም።)

በሦስቱም ቦታ የማይለወጥ አንድ ልማድ አለ፤ እርሱም እግር በእግር መከተል ነው። ከኋላ ያለው ሯጭ ዓይኑን ከፊት ባለው ሰው ተረከዝ ላይ ይተክላል፤ ያ ሰው ቀኝ እግሩን ሲያነሣ እርሱም ቀኙን ያነሣል። የፊተኛው ነፋሱን ይሰብርለታል፤ የፍጥነቱንም ሐሳብ ይሸከምለታል። ልምምዱ ላይ መሪው ፍጥነቱን በድንገት ስለማይለውጥና ሁሉም ጓደኛሞች ስለሆኑ ይህ አሠራር እንደ ማኅበር ዘፈን ሥርዓቱን ጠብቆ ይሄዳል።

በውድድር ሜዳ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። 10,000 ሜትር ማለት 400 ሜትር በሆነው መም 25 ዙር መዞር ነው። ከውስጠኛው መስመር አንድ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቶ የሚሮጥ ሰው በየዙሩ 6 ሜትር ያህል ትርፍ መንገድ ይሮጣል፤ 25 ዙር ሙሉ እንዲህ ቢያደርግ 150 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ሁሉም ወደ ውስጥ ይጠጋል፤ ወደ ውስጥ የተጠጋም እርስ በርሱ ይጠጋጋል። በዚያ ላይ ሯጮቹ በሴኮንድ 6 ሜትር ያህል ስለሚሄዱ፣ በመካከላቸው አንድ ሜትር ብቻ ካለ ለኋለኛው የቀረው ጊዜ የሴኮንድ አንድ ስድስተኛ ነው። የፊተኛው እርምጃውን ጥቂት ቢያሳጥር ወይም «አልፈህ ምራ» ለማለት ፍጥነቱን ቢቀንስ፣ የኋለኛው እግር የሚያርፈው ባዶ መሬት ላይ ሳይሆን ተረከዝ ላይ ነው። የጫማው ሥር ደግሞ ባለሹል ብረት ነው። እንግዲህ ሩጫው ቀስ ባለ መጠን ትርምሱ ይጨምራል ማለት ነው፤ ሩጫው ሲፈጥን ሰው ይበታተናል፣ ሲዘገይ ግን ይከማቻል።

ይህን ከያዝን በኋላ ወደ 1985 ዓ.ም. እንመለስ። ያ ዓመት ለኃይሌ በትርምስ ተከፍቶ በትርምስ የተዘጋ ዓመት ነው።

በመስከረም ወር በኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ተደርጎ ነበር። የአሰላው ልጅ፣ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ የነበረውና ከዚያም የተነሣ ግራ ክንዱን አጠፍ አድርጎ የሚሮጠው ኃይሌ፣ ያን ጊዜ 19 ዓመቱ ነበር። በዚያ ሻምፒዮና የ5,000ንም የ10,000ንም ሜትር ወርቅ ወሰደ። ነገር ግን የ10,000 ሜትሩ ሩጫ የሚታወሰው በሰዓቱ አይደለም። የኬንያው ወጣት ጆሴፋት ማቹካ ይመራል፤ ኃይሌ እንደ ሱሉልታ ልምምድ ከተረከዙ ሥር አይላቀቅም። ወደ መጨረሻው ኃይሌ ሊያልፈው ሲወጣ ማቹካ በንዴት እጁን ሰንዝሮ ጭንቅላቱን መታው። ኃይሌ ተመቶም አለፈ፤ አሸነፈም። ማቹካ ከውድድሩ ውጤት ተሠረዘ።

ይህ ጉዳይ ለዳኛ ቀላል ነው። በዳዩ ይታያል፣ ተበዳዩም ይታያል፤ ቅጣቱ በበዳዩ ላይ ወደቀ፣ ተበዳዩም ድሉን ያዘ። ማቹካን ያናደደው ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። ነፋስ እየሰበሩ ሃያ አራት ዙር መርቶ በሃያ አምስተኛው ላይ በተከታይ መቀደም፣ ለሚመራው ሰው እንደ መዘረፍ ያለ ስሜት ይሰጣል። ደንቡ መከተልን አይከለክልም፤ የሚመራው ልብ ግን ይከለክለዋል።

ከዚህ በኋላ ዓመቱ ተጉዞ ነሐሴ ላይ ደረሰ። ሽቱትጋርት ላይ ኃይሌ በሁለቱም ርቀት ተሰለፈ። ነሐሴ 10 ቀን የ5,000 ሜትሩ ፍጻሜ ሲደረግ፣ የ18 ዓመቱ ኬንያዊ ኢስማኤል ኪሩይ ገና ሦስት ዙር ያህል ሲቀር ከሁሉ ተነጥሎ ፈረጠጠ። ልጅ ነው፤ ይደክማል፣ ይመለሳል ብለው ነው መሰል የቀሩት ወዲያው አልተከተሉትም። ኪሩይ ግን አልተመለሰም። በመጨረሻው ዙር ኃይሌ እንደ ጥይት ቢወነጨፍም መስመሩ ቀደመው፤ ኪሩይ በ13 ደቂቃ ከ2.75 ሴኮንድ፣ ኃይሌ በ13 ደቂቃ ከ3.17 ሴኮንድ ገቡ። ሦስተኛውም የእኛው ፊጣ ባይሳ ነበር። ልዩነቱ አንድ ሴኮንድ እንኳ አልሞላም። ኃይሌ ያን ወርቅ ያጣው በእግሩ ሳይሆን በቅርበት ጉድለት ነው፤ ሰውየውን እንዲርቅ ስለተወው ነው።

እንግዲህ ከስድስት ቀን በኋላ ለ10,000 ሜትር የተሰለፈው ወጣት ምን እያሰበ እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። የሚል ሰነድ በእጄ የለም፤ እንደ እኔ ግምት ግን «ዛሬ የመራውን ሰው አንድ እርምጃ እንኳ አላርቀውም» ብሎ ነው የገባው። ታኑይ 28 ዓመቱ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት በቶኪዮ የዚሁ ርቀት የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ሚላኖ ላይ ግማሽ ማራቶንን በ59 ደቂቃ ከ47 ሴኮንድ ሮጦ ከአንድ ሰዓት በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ነው። ሦስተኛው ዋና ተወዳዳሪ ሪቻርድ ቼሊሞ ደግሞ የኪሩይ ታላቅ ወንድም ሲሆን፣ በዚያው ክረምት የ10,000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን ለአምስት ቀን ያህል ይዞ ነበር። ሐምሌ 3 ቀን ሌላው ኬንያዊ ዮቤስ ኦንዲዬኪ 26 ደቂቃ ከ58.38 ሴኮንድ ሮጦ ወሰደበት።

ይህን ክብረ ወሰን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የሽቱትጋርቱ ሩጫ ያለቀው በ27 ደቂቃ ከ46.02 ሴኮንድ ነው፤ ከክብረ ወሰኑ 48 ሴኮንድ ያህል የዘገየ ነው። ከፍ ብዬ እንዳልኩት የዘገየ ሩጫ ሰውን ያከማቻል። እየተንጠባጠበ የቀረው ቀርቶ ወደ መጨረሻው ሁለቱ ብቻ ተያዙ፤ ታኑይ ከፊት፣ ኃይሌ ከኋላ፤ ቼሊሞ በመጨረሻ ከእነርሱ 20 ሴኮንድ ዘግይቶ ነው የገባው። ሜዳው ሁሉ ባዶ ሆኖ ሳለ ሁለቱ ሰዎች አንድ ምንጣፍ በምታህል ቦታ ላይ ይረጋገጡ ነበር።

ደወሉ ሲደወል የኃይሌ እግር የታኑይ ተረከዝ ላይ አረፈና ጫማው ወለቀ። ታኑይ ሊወርድ የተንጠለጠለውን ጫማ ከእግሩ ላይ አሽቀንጥሮ ጣለ። በዚህ ቦታ ሌላ ሰው ቆም ብሎ ለዳኛ አቤት ይል ነበር፤ ታኑይ ግን ንዴቱን ወደ እግሩ አወረደው። ተፈናጥሮ ሄደ፤ በአንድ ጊዜም አሥር ሜትር ያህል ለየ። ለአንድ አፍታ የስድስት ቀን በፊቱ ታሪክ ሊደገም መሰለ። ኃይሌ እንደ ገና አሳደደ፤ በመጨረሻው ቀጥታ መንገድ ላይ ደረሰበት፤ አለፈው። ታኑይ 27 ደቂቃ ከ46.54 ሴኮንድ። በመካከላቸው ያለው 52 መቶኛ ሴኮንድ ነው።

እዚህ ላይ «አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ያሸነፈ አይደለምን? አንድ ጫማ መውለቁ ምን ያስለቅሳል?» የሚል ቀልደኛ አይጠፋም። ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ነገሩ ግን አይገናኝም። ሁለት ባዶ እግሮች እኩል ናቸው፤ አካል ሚዛኑን ይዞ ይሄዳል። አንዱ እግር ሹል ብረት ባለው ጫማ መሬቱን ቆንጥጦ ሲይዝ ሌላው ባዶውን ሲንሸራተት ግን ወገብ ይዛባል፤ በተለይ በጠመዝማዛው ላይ። ታኑይ 400 ሜትር ያህል የሮጠው እንዲህ ሆኖ ነው።

ኬንያውያን አቤቱታ አቀረቡ፤ ተቀባይነት አላገኘም፤ የኃይሌ ድል ጸና። ለምን?

የአትሌቲክስ ደንብ የሚከለክለው ሌላውን ሯጭ ገፍቶ ወይም መንገድ ዘግቶ ጉዞውን ማደናቀፍን ነው። ዳኛው በዚህ ጥፋት ያገኘውን ሰው ሊሠርዝ ይችላል። አሠራሩም በዛሬው ደንብ እንዲህ ነው፤ ተበደልኩ ያለው ወገን ውጤቱ በይፋ በተነገረ በ30 ደቂቃ ውስጥ መጀመሪያ ለዋና ዳኛው ያመለክታል፤ በዳኛው ውሳኔ ቅር ካለው 100 የአሜሪካ ዶላር አስይዞ ለይግባኝ ሰሚው ጉባኤ በጽሑፍ ያቀርባል። ገንዘቡ የሚያዘው ከንቱ አቤቱታ እንዳይበዛ ነው። ሰዎች ተጠጋግተው በሚሮጡበት ርቀት ሁሉ ግን መነካካት አይቀርም። የተነካካውን ሁሉ የሚሠርዝ ዳኛ ቢኖር መስመሩን የሚያልፍ ሰው አይኖርም። ስለዚህ ዳኛ የሚፈልገው መነካካቱን ብቻ ሳይሆን ጥፋቱን ነው።

ይህ ደንብ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ከዓመት በፊት በባርሴሎና ኦሊምፒክ ታይቷል። ሐምሌ 27 ቀን 1984 ዓ.ም. በዚያው በ10,000 ሜትር የሞሮኮው ካሊድ ስካህና ከላይ ያነሣሁት ቼሊሞ ሁለቱ ብቻ ቀርተው ሲፋለሙ፣ በዙር የተቀደመ ሐሙ ቡታየብ የተባለ ሌላ ሞሮኮዊ ከመሪዎቹ ጋር ተቀላቅሎ ቼሊሞን ያስቸግረው ጀመር። ስካህ አሸነፈ። ዳኞቹ ሠረዙት፤ ሞሮኮዎች ይግባኝ አሉ፤ በማግሥቱ ወርቁ ተመለሰለት። የእኛው አዲስ አበበ በዚያ ሩጫ ሦስተኛ ወጥቶ ነሐስ አግኝቷል። ስካህ ከቡታየብ ጋር ተስማምቶ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ሰው እንደ ልቡ ይመልሰዋል፤ ይግባኝ ሰሚዎቹ ግን ሌላው ሰው ላጠፋው እርሱን አልቀጡትም።

ሦስቱን ጉዳዮች ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው ልዩነታቸው ግልጽ ነው። በሴኡል በዳዩ የተሸነፈው ሰው ነው። በባርሴሎና በዳዩ ሦስተኛ ሰው ነው። በሽቱትጋርት ግን ተበዳይ አለ፤ በዳይ የለም። ክርክሩ የማያልቀውም ለዚህ ይመስለኛል። ደንቡ «ማን አጠፋ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተመልካቹ «ማን ተጎዳ?» ብሎ ይጠይቃል። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ «ማንም» ነው፤ ለሁለተኛው መልሱ «ታኑይ» ነው። ሁለቱም መልሶች እውነት ናቸው። ኢትዮጵያዊው የመጀመሪያውን መልስ ይዞ፣ ኬንያዊው ሁለተኛውን ይዞ ሲከራከሩ የሚናገሩት ስለ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆኑን አያስተውሉም።

የመኪና እሽቅድምድምን እዚህ ላይ ማምጣት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም በእግር ሩጫ የሌለ አንድ ነገር ስላላቸው ነው። ትርምስ ሲነሣ ውድድሩን ያቆማሉ። ጳጉሜን 1 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢጣሊያ በሞንዛ በተደረገው የፎርሙላ አንድ ውድድር የ24 ዓመቱ ፈረንሳዊ ፒየር ጋስሊ የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው በእንዲህ ያለ ቀን ነው። ጋስሊ ከዓመት በፊት ሬድ ቡል ከሚባለው ትልቅ ቡድን ወደ ታናሽ ወንድሙ ቡድን የተመለሰ፣ ያለቀለት ነው የተባለ ነጂ ነበር። ውድድሩንም የጀመረው ከአሥረኛ ቦታ ነው። ጎማውን ገብቶ ቀይሮ በወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የኬቪን ማግኑሰን መኪና ወደ ጎማ መቀየሪያው መግቢያ አጠገብ ተበላሽታ ቆመች። ሁሉም ፍጥነቱን ቀንሶ ከደኅንነት መኪናዋ ኋላ እንዲሰለፍ ታዘዘ፤ የጎማ መቀየሪያውም መግቢያ ተዘጋ። ይመራ የነበረው ሉዊስ ሃሚልተን መዘጋቱን ሳያይ ገባ፤ ስለዚህም ተቀጣ። ሌሎቹ መግቢያው ሲከፈት ሲገቡ ጋስሊ ቀድሞ ጨርሶ ስለነበር ወደ ፊት ተነሣ። ወዲያው ሻርል ለክሌር ከግንቡ ጋር በኃይል ተጋጨ፤ ቀይ ባንዲራ ወጣ፤ ውድድሩም ቆመ። እንደ ገና ከቆሙበት ሲነሡ ሃሚልተን ቅጣቱን ለመፈጸም ወጣ፤ መሪነቱ ለጋስሊ ቀረ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ዕድል ብንለው አንሳሳትም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ከሃያ በላይ ዙር ቀርቶ ነበር። ካርሎስ ሳይንዝ ፈጣን በሆነች መኪና ከኋላው እየቀረበ፣ በየዙሩም ልዩነቱን እየበላ መጣ። ጋስሊ አንድ ጊዜ እንኳ ቢንሸራተት አልቆ ነበር። አልተንሸራተተም፤ በ0.415 ሴኮንድ ቀደመ። በወረርሽኙ ምክንያት ተመልካች በሌለበት ሜዳ ሌሎቹ ከመድረኩ ከወረዱ በኋላ ለብቻው ቁጭ ብሎ ታየ።

ጋስሊን ከኃይሌ ጋር ያመሳሰልኩት ሁለቱ አንድ ዓይነት ስለሆኑ አይደለም፤ ኃይሌን ማንም ያለቀለት አላለውም፤ መኪናም አልነዳም። የሚመሳሰሉት በዚህ ነው። ትርምስ አንድን ወጣት ከድል አጠገብ ያደርሰዋል እንጂ የቀረውን መንገድ አይሮጥለትም። ታኑይ ጫማውን በጣለ ጊዜ ለኃይሌ የቀረለት ስጦታ አልነበረም፤ የቀረለት የአሥር ሜትር ልዩነት ነበር። ጫማው ስለወለቀ ታኑይ ቢቆም ወይም ቢወድቅ ኖሮ «በጫማ አሸነፈ» ማለት ይቻል ነበር። ታኑይ ግን ጨመረ፤ ኃይሌም የጨመረውን ሰው ነው የያዘው።

ይህን ስል ታኑይን ለማሳነስ አይደለም። በሁለት ጫማ ቢሮጥ ኖሮ ያ 52 መቶኛ ሴኮንድ ይገኝ ነበር ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ስሌት የለም፤ «ኃይሌ በማናቸውም መንገድ ያሸንፍ ነበር» የሚሉ ወገኖቼ ከሚያውቁት በላይ ይናገራሉ። በኋላ የሆነውን አምጥተው ነው የሚከራከሩት። እርግጥ ነው፣ ኃይሌ በ1987፣ በ1989ና በ1991 ዓ.ም. ያንኑ ርቀት በዓለም ሻምፒዮና ደጋግሞ አሸነፈ፤ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ፣ በ1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ፤ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሴኮንድ ነው። ነገር ግን የኋለኛ ድል የፊተኛውን ድል አያጥብም፤ የኋለኛ ሽንፈትም አያቆሽሸውም። ኃይሌ ከሽቱትጋርት በኋላ አንድም ጊዜ ባያሸንፍ ኖሮ ያች የ1985 ዓ.ም. ሩጫ ልክ ያው በሆነች ነበር። እንዲህ ብሎ ለመፍረድ ግን የጨከነ ተመልካች አላየሁም፤ ሁላችንም የመጀመሪያውን ድል የምንመዝነው በመጨረሻው ሚዛን ነው።

ዛሬ ሱሉልታ ውስጥ ቀነኒሳ በቀለ ያሠራው መም አለ፤ ኃይሌም የተሳተፈበት የአትሌቶች ማረፊያ መንደር እዚያው አጠገብ ተሠርቷል። ከሜዳው ሣር ወደ መም የሚሻገሩት ልጆች እግር በእግር መከተሉን ይዘውት ይሄዳሉ። ከኋላ የሚሮጠው ልጅ ከመሪው ተረከዝ ጥቂት ወደ ቀኝ፣ በትከሻው ልክ መሮጥ ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን እግሩ ባዶ መሬት ያገኛል፤ ለማለፍም ይቀለዋል፤ ዋጋው ግን በየዙሩ የሚጨመረው ጥቂት ሜትር ነው። ብዙዎቹ ያን ዋጋ ለመክፈል አይወዱም፤ ስለዚህ ተረከዝ ዛሬም ይረገጣል።

ታኑይ ከዚያ በኋላ መሙን እየተወ ወደ ማራቶን ሄደ። በሚያዝያ ወር 1988 ዓ.ም. ቦስተን ላይ አሸነፈ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1990 ዓ.ም. እንደ ገና እዚያው አሸነፈ። ሁለቱንም የሮጠው በሁለት እግር ጫማ ነው።